የአባት ስም፣ እኩል ይሆናል

ከሰባ ደረጃ ግርጌ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
ሁለት በሦስት ሜትር ነው የእኛ ሥራ ቤት፤
ዝናብ ሲመጣ ኬሻ እንዘረጋለን፣
መብራት ሲሄድ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማውራት።
የሠርግ ጥሪ፣ የአርባ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ ማኅተም፣
ከብር ኖት በስተቀር ያላተምነው የለም።

አባቴ ፊደል ለቃሚ ነበር፣ በእርሳስ ፊደል ዘመን፤
«ጸ» ቢያልቅበት ከመሳቢያው፣ በ«ፀ» ተክቶ፣
አራሚው ሳይነቃ፣ አለቃው ሳይቆጣ፣
ገጹን ያሳልፍ ነበር በዘዴ አሟልቶ።
«ባዶ መሳቢያ» ይል ነበር፣ «ባለሙያ አያስቆምም»፤
እኔ የምጽፍበት ቋንቋ ግን እንዲህ አይራራም።

ቁልፍ አለ፤ ዋጋ አለ፤ በመሀል እኩል ይሆናል።
አንዳንዱን አስተምሬዋለሁ፤ ዝም ካሉት ራሱ ይሞላል፦
   ቀለም ካልተባለ፣ ጥቁር።
   ወረቀት ካልተባለ፣ ነጭ።
   ጌጥ ካልተባለ፣ አንዲት የወይን ሐረግ በዳር።
ሦስቱን ግን አልምርም፦
   ስም፣ የአባት ስም፣ ቀን።
እነዚህ ግዴታ ናቸው። አንዱ ከጎደለ፣ ሥራው ይቁም።

«ምነው ጨከንሽ?» ይለኛል ጋሽ ተክለየስ።
አምና ነው፤ በሙት ዓመት ካርድ ላይ ቀኑን ዘነጋሁት፤
ማሽኑ የዕለቱን ቀን ከኪሱ አውጥቶ ሞላበት።
ዓመት የሞላውን ሰው ማክሰኞ ለት ገደልነው፣
ሚስቱ በሁለት መቶ ካርድ እንደገና ልትቀብረው።
ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን አልገምትም፤
ዝም ብሎ ከሚዋሽ ጮኾ የሚቆም ይሻለኛል፣ ግድ የለም።

ትናንት አንድ ወጣት መጣ፣ ጫማው የግንባታ አቧራ፤
ከአፍንጮ በር በእግሩ፣ ከእጮኛው ከትርንጎ ጋራ።
ሠርጋቸው ጥር አሥራ ስምንት ነው።
«ስም?» አልኩት። «እንዳሻው።»
ሳቅ አመለጠኝ፤ በእኔ ሙያ እንዳሻው የሚባለው
ቢሰጥም ባይሰጥም ገጹን የማያስቆመው ነው።
«የአባት ስም?»

ስልኩን አገላበጠ።
ትርንጎ የጠረጴዛውን ፕላስቲክ በጥፍሯ ፋቀች።
ያለውን ብቻ ጽፌ ማሽኑን አስነሳሁ፤
ቀይ መስመር መጣ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት፦
   የአባት ስም አልተሰጠም። ሥራው ቆሟል።
ስክሪኑ ወደ እሱ ዞሮ ነበር። የእኔ ጥፋት።
«ይኸው» አለ፣ «ቀበሌም ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው ያሉት።»

ከአትክልት ተራ፣ ከቲማቲም ሣጥን ያነሳው
ዘበኛ ነው ለመታወቂያው ስሙን ያዋሰው።
«ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።
ሱፉን ተውሻለሁ። ስም ግን ደግሜ አልዋስም።»

ግዴታውን ላነሳ እጄ ሄደ፤ አንድ መስመር ነው መሰረዝ።
ግን ነገ የሚመጣው ዝንጉ፣ በዚህ ልጅ ሐዘን ተከልሎ ይለፍ?
ያልተነገረ ሌላ ነው፤
ባዶ ተብሎ የተነገረ ሌላ።
በሩን ያላንኳኳውና
አንኳኩቶ «ማንም የለኝም» ያለው
ከውጭ ሲሰሙ አንድ ዓይነት ዝም ይላሉ እንጂ
አንድ አይደሉም።

ሕጉን አላላላሁትም። ጥያቄውን ለወጥኩት፦
   ቁልፉ ይምጣ። ዋጋው ባዶ ቢሆንም፣ ይምጣ።
   ካልመጣ፣ ቁም።
   ባዶ ከመጣ፣ ክፍተቱን ዝጋ፤
   ስሙን ሁለት ነጥብ ያህል አሳድገው።

ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋሁለት።
በሌባ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል እየፈለገ፦
   የአባት ስም =
ከዚያ ወዲያ ምንም።
«ልጫነው?» አለ። «ተጫነው።»

ገጹ ወጣ፦ እንዳሻው፣ ብቻውን፣
ከትርንጎ ወልደሐና ጎን፣ በትንሹ ከፍ ብሎ።
«ዋጋው ስንት ነው?» ሲለኝ
«ባዶ» ልል ነበር፤ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ አላልኩም።

ማታ ቀዩን መስመር ከፍቼ እንዲህ ጻፍኩት፦
   የአባት ስም አልነገሩኝም።
   ከሌለ፣ የለም ይበሉኝ። እጠብቃለሁ።
ሳላስቀምጠው መብራት ሄደ።
ዛሬ ጠዋት፣ ኬሻውን ሳላነሳ፣ እንደገና ጻፍኩት።